ሁለት ሴቶች በአንድ ካርድ

ጥቅምት 12

ለወንድሜ ልጅ፣ አፉን ከፈታ ጀምሮ መጠየቅ ላላቆመው ለ«ጥያቄ»፣

እንዴት ሰነበትክ? ሥራህስ እንዴት ነው? ያሰብከውን ይሙላልህ፣ በሰው አገር ሰው አያሳጣህ። እኔ ተመስገን ነው፣ ደህና ነኝ። ሰፊዋም ደህና ናት፤ «አጥብቀሽ ሰላም በይልኝ» ብላለች።

ስልክ አትደውልም ብለህ እንዳትቀየመኝ። ሠላሳ ዓመት ስልክ ቤት መስመር ሳገናኝ የሰው ጉዳይ ሁሉ በጆሮዬ አልፏል። ስልክ ላይ የሚወራ ነገር ሁልጊዜ ሌላ ሰሚ አለው፤ ያ ሰሚ እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ደብዳቤ ይሻለኛል።

ዳሌዬ ከተሰበረ እነሆ አራት ወር ሊሞላው ነው። የገባልኝ ብረት ተላምዶኛል መሰለኝ፣ በከዘራ ከመኝታ ቤት እስከ ግቢው በር ደርሼ እመለሳለሁ። መውደቄን ረስቼዋለሁ። ያናደደኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ከሆስፒታል ከወጣሁ ወዲህ አሥራ አንድ ጊዜ ተመላልሻለሁ። ቁስሉ ይታይ፣ ክሩ ይውጣ፣ የአጥንት ሐኪሙ ይየው፣ ፊዚዮቴራፒ፣ ደም፣ ሌላው ቀርቶ ዓይን! ዓይኔ ምን አደረጋቸው? ከኔ አካል ሳይወድቅ የተረፈ እሱ ብቻ ነው። የአጥንት ክፍሉ ደግሞ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ላይ «ለጊዜው አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ወረቀቱ ራሱ አርጅቶ ጫፉ ተጠቅልሏል። እግሩ የተሰበረን ሰው ደረጃ የሚያስወጣ ጤነኛ ነው ትላለህ?

ይህን ሁሉ የምታመላልሰኝ ሰፊዋ ናት። የፊት ለፊቱን ክፍል ለስፌት መኪናዋ ተከራይታ ከገባች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ዛሬ ማን የማን ተከራይ እንደሆነ ለሁለታችንም ጠፍቶናል። ታጥበኛለች፣ ታለብሰኛለች፣ ከግቢው ቧንቧ ውሃ እየቀዳች ታስገባለች። ስንጨቃጨቅ ደግሞ አንዲት ቃል አታስቀርልኝም።

አሁን የመጣውን ጉድ ስማ። ሐኪሙ «ጀርባዎን ራጅ ይነሱ» ብሎኛል። የተሰበረው ዳሌዬ! ጀርባዬ በዚህ መሃል ምን ቤት ነው? አንተ ራጅ አንሺ ነህና ይቅርብሽ ካልከኝ በደስታ እቀራለሁ። ቶሎ ጻፍልኝ።

አክስትህ


ኅዳር 3

ለማከብርዎትና ለምወድዎት ለእቴቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የናፍቆት ሰላምታዬ ይድረስዎት። ጉልበትዎን ይመልስልኝ፣ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ብርዱም ገና አልበረታም።

አይቅሩ። ሌላውን ሳያነቡ ደብዳቤውን ቢያጥፉት እንኳ ይህቺን ቃል አንብበው ይጠፉት ብዬ ነው ያስቀደምኳት።

የምሠራበት ክፍል መስኮት የለውም። ቀኑን ሙሉ ከመስታወት ጀርባ ቆሜ «ትንፋሽ ይያዙ፣ አሁን ይልቀቁ» እላለሁ። ብዙዎቹ በእርስዎ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ናቸው። ዘንድሮ የእጅ አንጓዋን ሰብራ የመጣችውን በዓመቱ በዳሌዋ አገኛታለሁ። ስሜን ሳይቀር ይዛዋለች፤ «መጣሁልህ» ትለኛለች። አጥንት በዕድሜ ሲሳሳ አንድ ቦታ ብቻ አይሳሳም። አንዱ በቀላል አወዳደቅ ከተሰበረ ሌሎቹም መታየት አለባቸው።

የጀርባ አጥንት ደግሞ ተንኮለኛ ነው። ሰው ሳይወድቅ፣ ባልዲ ሲያነሳ ወይም ሲያስነጥስ ጭፍልቅ ይላል። ባለቤቱ «ወገቤን ያዘኝ» ብሎ ያልፈዋል። ቀስ በቀስ ቁመት ያጥራል፣ ቀሚስ መሬት ይነካል፤ ያኔም ቢሆን ሰው እርጅና ነው እያለ ይተወዋል። አስቀድሞ ከታወቀ ግን መድኃኒት አለው፣ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ስብራት ያስቀራል። ሐኪምዎ የሚፈልገው ይህንን ነው። እኔ ብሆንም የማዝዘው ያንኑ ነበር።

ደረጃውን ለሚያስወጣዎት ሰው ምርቃቴን ያድርሱልኝ። ሰፊዋን ሳስባት እንቅልፌን የምተኛው እርስዎ ብቻዎን ስላልሆኑ ነው።

ልጅዎ


ታኅሣሥ 9

ለጥያቄ፣

ክፉ አይንካህ፣ ወጥተህ በሰላም ግባ። ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

ራጁ ተነስቷል። ፊልሙም በስሜ ወጥቶ ቡናማ ፖስታ ውስጥ ገብቷል። ሐኪሙ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየውና ሁለት የጀርባ አጥንቶች ተጨፍልቀዋል አለኝ። ድሮ የተደረመሰ አይመስልም፣ የቅርብ ጊዜ ነው አለኝ። «አላመመዎትም?» ብሎም ጠየቀኝ። በሳምንት አንድ ጊዜ የሚዋጥ ክኒን ጽፎልኛል። በባዶ ሆድ፣ በሙሉ ብርጭቆ ውሃ፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ሳይጋደሙ።

አሁን የምጠይቅህ እኔ ነኝ፣ ተራ ይድረሰኝ። እንዲህ ያለ ጀርባ ያለው ሰው ባልዲ ቢያነሳ ምን ይሆናል? ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ጎንበስ ብሎ ቢውልስ? ሌላ ሰው ደግፎ ደረጃ ቢያወጣስ? ያማል ወይስ ሳያምም ይቀጥላል? አንድ በአንድ ጻፍልኝ።

እዚያ የወገብ መደገፊያ ቀበቶ ጥሩ ጥሩ አለ ሲሉ እሰማለሁ። ከተቻለህ አንድ ላክልኝ። ወገቡ ሰባ ሁለት ሳንቲሜትር ይሁን። ከልብስ በታች የሚደረግ፣ የማያስታውቅ ቢሆን ይመረጣል።

ሰፊዋ ደህና ናት። በጣም ደህና ናት።

አክስትህ


ታኅሣሥ 28

ለእቴቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ምሕረቱን ያውርድልን፣ ከክፉ ነገር ይጠብቀን።

ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ ከፍቼ አነበብኩትና ቀኑን ሙሉ ልቤ ተሰቅሎ ዋለ። እንዳዘዙኝ አንድ በአንድ ልመልስ። ባልዲ፦ ፈጽሞ አይነሳም። ጎንበስ ብሎ መዋል፦ አይሆንም፤ በየግማሽ ሰዓቱ መነሳት፣ ቀና ማለት ያስፈልጋል። ሌላ ሰው ደግፎ ደረጃ ማውጣት፦ እቴቴ፣ እርስዎ ማንን ነው ደግፈው የሚያወጡት? ሰፊዋ ራሷ ትደግፍዎት። የመጨረሻው፦ ሳያምም ሊቀጥል ይችላል። ሥጋቴም እሱ ነው።

ቀበቶውን ልኬዋለሁ። ግን ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅ። ሲሸኙኝ አቅፌዎት እጆቼ ከጀርባዎ አልተገናኙም ነበር፤ ያን ጊዜም ስቀንበታል። ሰባ ሁለት ሳንቲሜትር እንዴት ሊሆን ይችላል? ከወደቁ ወዲህ እንዲህ ከስተው ከሆነ ከአጥንት ሌላ የሚታይ ነገር አለ ማለት ነውና ለሐኪሙ ይንገሩልኝ። እባክዎ ፊልሙን በፖስታ ይላኩልኝ። በዓይኔ ካላየሁ አላርፍም።

ስለ ሕመምዎ አንዲት መስመር አልጻፉልኝም። ያምዎታል?

ልጅዎ


የካቲት 20

ለጥያቄ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ስለዘገየሁ አትቆጣ፤ እጄን ብዕር ከበደው።

ቀበቶው ደርሷል፣ ልክ ነው። ጠርዙ ብቻ ጎን ይፈገፍጋል፣ ከስር ለስላሳ ጨርቅ ተደርጎበታል። ክኒኑ በሳምንት በሳምንቱ ይዋጣል። ውሃ የምቀዳው አሁን እኔ ነኝ፤ ግማሽ ባልዲ፣ ለእግሬ እንቅስቃሴ እንዲሆነኝ። እሱን አትቆጣጠረኝ።

ፊልሙን አጥፌ ልኬልሃለሁ። ብታየውም ያው ነው። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፦ ሦስተኛ አጥንት ሊጨመር ይችላል?

አክስትህ


መጋቢት 14

ለእቴቴ፣

ሰላምና ጤና ለቤትዎ ይሁን።

ፊልሙ ደርሶኛል። መሃሉ ላይ ታጥፎ ነበር፣ ግን ይነበባል። የመብራት ሰሌዳው ላይ ሰቅዬ ቁጭ ብዬ አየሁት። ሐኪምዎ ያለው ልክ ነው፤ የሁለቱ አጥንቶች የፊት ጎን ተደርምሷል። ስምዎም ዕድሜዎም ጥግ ላይ በጥሩ ጽሕፈት ተጽፏል።

ከወገቡ አጠገብ ግን ሦስት ቀጫጭን ነጭ መስመሮች አሉ፣ ጎን ለጎን ተሰክተው። መጀመሪያ የማሽኑ ስህተት መሰለኝ። ቀረብ ብዬ ሳየው ስፒል ነው። እኛ ሰው ከማንሳታችን በፊት ብረት ያለበትን ነገር ሁሉ ያውልቁ እንላለን፣ ሁሉም ቀለበቱንና ሰዓቱን ያወልቃል። ቀሚሷ ወገብ ላይ ስፒል ሰክታ የምትውል፣ መሰካቷንም ረስታ የምትኖር አንዲት ሴት ብቻ ነው የማውቀው። የተሸኘሁ ቀን ስታቅፈኝ ደረቴን ወግታኛለች። እርስዎ መርፌ በእጅዎ ይዘው አያውቁም፤ የተበጠሰ ቁልፍ እንኳ እኔ ነበርኩ የምተክልልዎት።

እቴቴ፣ ይህ የእርስዎ ጀርባ አይደለም።

ለጠየቁኝ ጥያቄ መልሱ አዎ ነው። ሦስተኛው ይጨመራል፣ አራተኛውም። እስቲ የሆነውን ሁሉ ይጻፉልኝ። ተናድጃለሁ፣ አልደብቅዎትም። ግን ምንም ቢጽፉልኝ ልጅዎ ነኝ።

ልጅዎ


ሚያዝያ 2

ለጥያቄ፣

ስምህን ያወጣሁልህ እኔ ነኝ፤ የእጄን አገኘሁ።

የራጁ ቀን ዳሌዬ ሲጠዘጥዘኝ አድሮ ነበር፤ አልሄድም ብዬ ተኛሁ። ሰፊዋ «ቀጠሮውን ላስለውጥልሽ» ብላ ካርዴን ይዛ ሄደች። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ «የሚቀጥለው ባዶ ቀን ከሦስት ወር በኋላ ነው» አለቻት። እዚያው ቆማ ስትከራከር የኔ ስም ተጠራ። እሷም «አቤት» ብላ ገባች። ተመልሳ ስትነግረኝ ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ዕድሜያችን አንድ ነው፣ ጀርባ እንደሆነ ጀርባ ነው፣ ወረቀቱ ይሙላላቸው አልን። ደግሞም አንድ ቀን ደረጃ ስላስቀረችልኝ መርቄአታለሁ።

ሐኪሙ ውጤቱን ሲነግረኝ እሷ ውጭ ወንበር ላይ ቦርሳዬን ታቅፋ ተቀምጣ ነበር። እውነቱን ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ አፈርኩ፤ ዘጋሁት። ስወጣ «ምን አለሽ?» አለችኝ። «ደህና ነሽ አለኝ» አልኳት። ከዚያ እጄን ትከሻዋ ላይ አድርጌ እንደ ልማዳችን ደረጃውን ወረድን። ሙሉ ክብደቴን ጥዬባት! የተጨፈለቁት አጥንቶቿ በየደረጃው ትዝ አሉኝ፤ እጄን ግን አላነሳሁም።

ወንድሟ በየዓመቱ መጥቶ «ነይ ከኛ ጋር ኑሪ» ይላታል። እሷም «እጄ እስከሠራ ድረስ አልመጣም» ትለዋለች። ታማለች ቢባል በማግስቱ መኪና ይዞ ይመጣል። ያኔ እኔን ከአልጋ ማን ያነሳኛል? ይኸው፣ ጻፍኩት። ለሷ አዝኜ አይደለም የደበቅኩት፣ ለራሴ ፈርቼ ነው። ሠላሳ ዓመት የሰው ምስጢር ጠብቄ አንድም ቀን እንዲህ አላፈርኩም።

ለመካስ ያልሞከርኩት የለም። የታዘዘልኝን ክኒን ቫይታሚን ነው ብዬ ለሷ እሰጣታለሁ። ቀበቶውን «ለስፌት ሰው ነው የተሠራው» ብዬ አስታጠቅኋት። ባልዲውንም ቀማኋት። በአንድ እጄ ከዘራ፣ በሌላው ግማሽ ባልዲ፣ ኮሪደሩን ውሃ በውሃ አደርገዋለሁ። እሷ ከኋላዬ እየተከተለች ጎንበስ ብላ በጨርቅ ትወለውለዋለች። አየህ፣ የማደርግላት ነገር ሁሉ ተመልሶ እሷኑ ያጎነብሳታል።

ቀሚሷ መሬት ይነካል። ከጻፍክልኝ ወዲህ በየቀኑ አየዋለሁ። ሁለት ጊዜ ራሷ አሳጥራዋለች።

አክስትህ


ሚያዝያ 25

እቴቴ፣

ይንገሯት።

የእርስዎን ደም አይቶ ለእርስዎ የጻፈውን ክኒን ነው የምትውጠው፤ የሷን ደም ያየው የለም። የእርስዎን ጀርባ ደግሞ እስከዛሬ ማንም አላየውም፣ መድኃኒትዎንም ሰጥተውታል። በአንድ ካርድ ሁለት ሴቶች ታማችኋል፣ አንዳችሁም አልታከማችሁም። በርጥብ ኮሪደር ላይ አንዳችሁ ብትወድቁ የሚያነሳ የለም።

ትሂድ አትሂድ የሷ ጉዳይ ነው። እርስዎ ሊወስኑላት አይችሉም፣ እኔም ለእርስዎ አልወስንም። ለሷም ለወንድሟም አልጽፍም። ከአፍዎ ትስማው።

ብትሄድ ብቻዎን አልተውዎትም። ፈቃድ ጠይቄ እመጣለሁ፣ ሌላ ሰው እስኪገኝ እቆያለሁ። ይህን የምለው እንዲደፍሩ ነው።

ልጅዎ


ሰኔ 6

ለጥያቄ፣ ለወንድሜ ልጅ፣

እንኳን ወለደህ ወንድሜ። ደግ ይግጠምህ፣ የወጣህበት ይቅናህ።

ዋናውን አስቀድሜ ልንገርህና እፎይ በል። ሁለታችንም በየስማችን ራጅ ተነስተናል። የሷ ሁለቱ ያው ሁለት ናቸው፣ ሦስተኛ አልተጨመረም። በኔ ደግሞ አንድ ተገኝቶብኛል። ሐኪሙ ጥፋታችንን ሲሰማ መነጽሩን አውልቆ ረጅም ጊዜ ዓይኑን አሸ። ከዚያ ለሷም ደሟን አይቶ ጻፈላት፣ ለኔም እንደ አዲስ ጻፈልኝ። ውሃውን የጎረቤታችን የአናጺው ሚስት እየቀዳች ታስገባልናለች፤ በምትኩ ሰፊዋ ልብሷን ትጠግንላታለች፣ በየግማሽ ሰዓቱ እየተነሳች።

የነገርኳት እሁድ ጧት ነው። ስፒል ከንፈሯ ላይ ይዛ ጫፍ እያጠፈች ነበር። አንድም ሳላስቀር ነገርኳት፤ ስለ ራጁ፣ ስለ ክኒኑ፣ ስለ ወንድሟ የፈራሁትንም ጭምር። ስጨርስ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው።

«ስንት ወርሽ ነው ካወቅሽ?» አለችኝ።

«አምስት ወር ተኩል።»

«ወገቤን ባመመኝ ቁጥር የመኪናው ጥፋት ነው እያልኩ ፔዳሉን ሦስት ጊዜ አስጠገንኩት» አለች። «የወንበሬን እግር አስቆረጥኩ። ይህን ሁሉ ቆመሽ ታዪኝ ነበር።»

«አይሽ ነበር» አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

ከዚያ ወዲያ ስምንት ቀን አላነጋገረችኝም። አበላችኝ፣ አለበሰችኝ፣ እግሬን አሸችልኝ፤ ቃል ግን የለም። ብትጮህብኝ እመርጥ ነበር። ወንድሟ ይደውልላት ነበር፣ ከበሩ ውጭ ወጥታ ስታነጋግረው እሰማለሁ፤ የምትለውን ግን አልሰማም። ሻንጣዋ ከአልጋዋ ስር መኖሩን በየቀኑ ዓይቼ እመለስ ነበር። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም፣ የወደቅሁ ቀን እንኳ።

በዘጠነኛው ቀን ጧት በሬ ላይ ቆማ «ተነሺ፣ ካርድ ክፍሉ በሁለት ሰዓት ይከፈታል» አለችኝ። ተነሳሁ። ጎን ለጎን ሄድን፤ አልተደገፍኳትም፣ በከዘራዬና በግድግዳው ታገዝኩ። ካርድ ክፍል ስንደርስ እኔ ቀድሜ ለጸሐፊዋ ጥፋታችንን ተናዘዝኩ። ልጅቷ ደህና አድርጋ ተቆጣችን፣ ፋይሌን አስተካከለች፣ ከዚያ ለሰፊዋ አዲስ ፎርም አወጣች። ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ ሥራዋን ጻፈች።

«የቅርብ ተጠሪዎ ማነው?» አለቻት።

አንገቴን ደፋሁ። የወንድሟን ስልክ ቁጥር በቃሏ ታውቀዋለች፤ ስትጠራው ለመስማት ተዘጋጀሁ። ሰፊዋ የኔን ስም ከነአባቴ ጠራች። በዘጠኝ ቀን ውስጥ ስሜን ስታነሳ ያን ጊዜ ብቻ ሰማሁ።

«ዝምድናችሁ?»

«አከራዬ ናት።»

«እሱማ ዝምድና አይደለም፣ እናቴ። ምን ብዬ ልጻፍ?»

ሰፊዋ ዞር ብላ ከከዘራዬ ጫፍ እስከ ግንባሬ አየችኝ።

«እንግዲህ እህቴ ናት ብለሽ ጻፊ» አለቻት። «ግን ተኳርፈናል። እሱንም ጻፊው።»

ልጅቷ ፎርሙን ገልብጣ አየችው፣ እንደገና ቀለበሰችው፤ ለኩርፊያ የሚሆን ቦታ የለውም አለችና «እህት» ብቻ ጻፈች።

አክስትህ